ሽታ ሲጠፋ የማዕድ ደስታ እንዴት ይመለሳል

ኮቪድ ይዞኝ ትኩሳቱም ሳሉም ከለቀቁኝ በኋላ የማሽተት ችሎታዬ ሳይመለስ ቀረ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጠየቀኝ ሁሉ «ይመለሳል፣ ታገሺ» ይለኝ ነበር፤ በእርግጥም አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለስለታል። የእኔ ግን ብዙ ወራት ወሰደ፤ ሲመለስም ተዛብቶ፣ አንድ ቀን እየመጣ ሌላ ቀን እየጠፋ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር ወጥቶ አንድ ጥሩ ነገር መብላትን፣ እቤትም ምድጃ ላይ የተጣደው ሲደርስ ልጆች ሳይጠሩ ወደ ማዕድ ቤት የሚሰበሰቡበትን ሰዓት አብሬ አጣሁ። ይህን የምጽፈው አሁን በዚያው መንገድ ላይ ላላችሁና አብረዋችሁ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ምንም ሳላሸትም የመብላትን ደስታ በቀሩኝ ሌሎች ስሜቶች መልሼ መገንባት እንደምችል የተረዳሁት ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነው፤ እናንተ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ልትጀምሩት ትችላላችሁ።

በቅድሚያ በአፋችን ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ብዙ ድንጋጤን ይቀንሳል። ምላስ በራሱ የሚለየው ጥቂት ነገር ነው፤ ጣፋጭን፣ ጨዋማን፣ ኮምጣጣን፣ መራራን፣ እንዲሁም ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ለይቶ «ኡማሚ» ብሎ የሰየመውን፣ በበሰለ ቲማቲም፣ በእንጉዳይ፣ በስጋ መረቅና ብዙ በቆየ አይብ ውስጥ የሚገኘውን ጣዕም። እንጆሪን ከሙዝ፣ ቀረፋን ከቫኒላ የሚለየው ግን አፍንጫ ነው። ስናኝክና ስንውጥ የምግቡ ትነት በጉሮሮ በስተኋላ አድርጎ ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ እዚያም 400 ያህል ዓይነት የሽታ ተቀባዮች አሉ። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት ያገኙት የእነዚህን ተቀባዮች ምንነትና የማሽተት ሥርዓታችንን አደረጃጀት በመግለጣቸው ነበር። ስለዚህ «ምላሴ ምንም አይቀምስም» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ምላሱ ደህና ነው።

ይህን ለቤተሰብ ለማስረዳት ከማውራት ይልቅ አንድ ከረሜላ ይበልጥ ይረዳል። ባለቤቴ የምለው ነገር ለረጅም ጊዜ አልገባውም ነበር። አንድ ምሽት አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ጥብቅ አድርጎ እንዲይዝና ዓይኑን እንዲጨፍን ነግሬው የምን እንደሆነ ያላየውን ከረሜላ አፉ ውስጥ አስገባሁለት። «ጣፋጭ ነው» አለ። «የምን?» አልኩት። ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያንከባለለ ቆየና ዝም አለ። አፍንጫውን ሲለቅ «ብርቱካን!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠና «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሆንብሽ?» ሲል ጠየቀኝ። ከዚያ ምሽት ወዲህ «ትንሽ እንኳ ቅመሺ እንጂ» ብሎኝ አያውቅም። አብሯችሁ የሚኖረው ሰው ይህን አንድ ጊዜ እንዲሞክረው አድርጉ፤ ከብዙ ክርክር ያድናችኋል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበልጥ የሚያሳስተው ጨውና ስኳር ነው። ምላስ አሁንም አጥርቶ የሚሰማው እነዚህን ስለሆነ እጅ ወደ ጨው ዕቃው ደጋግሞ ይሄዳል፤ ሻይም በደንብ ካልጣፈጠ የፈላ ውኃ ብቻ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፣ በዳቦና በታሸገ ምግብ ውስጥ ያለውንም ይጨምራል። ሽታ ያጣ ሰው ይህን በአንድ ምሳ ሳይታወቀው ሊያልፈው ይችላል፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ላለበት ደግሞ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። እኔን የረዳኝ ጨው በሚያምረኝ ሰዓት መጀመሪያ ሎሚ መጭመቅ ወይም ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ፣ ድስት ውስጥም የቲማቲም ድልህና በደንብ የተከተፈ እንጉዳይ መጨመር ነው። ኮምጣጣነቱና ኡማሚው ምላስን ስለሚሞሉት ጨው የመፈለጉ ስሜት ይቀንሳል። ከዚህ ጋር የረሃብና የጥጋብ ምልክትም ይዛባል። አንዳንዱ እርካታ ስለማያገኝ ደጋግሞ ይበላል፣ ሌላው ደግሞ ምግብ ትዝ ሳይለው ቀኑ ይመሻል። ከሁለቱ አንዱ ከደረሰባችሁ ለጊዜው በሰዓት ብሉ፤ ክብደታችሁንም በሳምንት አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

ከደስታው በፊት ደኅንነቱን ማስተካከል የግድ ነው፤ ይህን ክፍል ማንም ሳያነበው እንዳያልፍ እለምናለሁ። ምድጃ ላይ ድስት ጥጄ በአጠገቡ ባለው ክፍል ልብስ እያጠፍኩ ሳለሁ ልጄ ከውጭ ሮጦ ገብቶ «እማዬ፣ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ!» ሲለኝ ነው ያወቅሁት። ድስቱ እስከ ጥቀርሻው ነድዶ፣ ጭሱ በኮሪደሩ ጣሪያ ሥር ተኝቶ ነበር፤ እኔ በሩን ከፍቼ በዚያ በኩል አልፌ ስሄድ እንኳ ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ በኋላ ያደረግኳቸውን ነገሮች ዛሬ ለማንኛውም ማሽተት ለማይችል ሰው ሳልነግር አላልፍም። በማዕድ ቤትና በመኝታ ክፍል አቅራቢያ የጭስ ጠቋሚ ማንቂያ ግጠሙ። በጋዝ የምታበስሉ ከሆነ የጋዝ ጠቋሚም ያስፈልጋል፤ ጋዝ ራሱ ሽታ የለውም፣ ሰው መፍሰሱን እንዲያውቅ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት መጥፎ ሽታ ደግሞ ለእኛ አይደርሰንም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ጠቋሚው ወለል አጠገብ፣ በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ግን ከአየር ስለሚቀል ጣሪያ አጠገብ መቀመጥ አለበት። ድስት ጥዳችሁ ከማዕድ ቤት ስትወጡ የስልካችሁን የሰዓት ማንቂያ ሙሉ፤ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም።

የምግብ መበላሸትም እንዲሁ ነው። «አሽትቼ አየዋለሁ» የሚለው ልማድ ደህና አፍንጫ ላለውም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም፤ ሰውን የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ የምግቡን ሽታም ጣዕምም ሳይለውጡ ይራባሉ። ስለዚህ በዓይንና በቀን መቆጣጠር ይሻላል። የተረፈ ምግብ ወደ ማቀዝቀዣ ሲገባ በዕቃው ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ማቀዝቀዣው ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዲሆን፣ ምግብም በደንብ እስከ 70 ዲግሪ እንዲበስል ይመክራል። ይህ ለሽርሽር ሲወጣ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በመኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ ግማሽ ቀን የዋለ እንቁላል ወይም ዶሮ ለማሽተት ለማይችል ሰው አደገኛ ነው። በረዶ የያዘ ማቀዝቀዣ ሳጥን ይዛችሁ ውጡ፤ በሳጥኑ ውስጥ ያልነበረውንና ሰዓቱ ያለፈበትን ሳትሳሱ ጣሉት።

ወደ መውጣቱ ስመለስ፣ ለብዙ ወራት የቅዳሜና እሁድ ግብዣን ሁሉ በሰበብ እያስቀረሁ ነበር። ሌሎች በደስታ ሲጎርሱ፣ «ይሄንንስ ቀምሰሽዋል?» ሲባባሉ፣ እኔ የጎረስኩት እንደ ካርቶን እየሆነብኝ መቀመጥ ከባድ ነበር። የቀረሁት ምግብ ስላልጣመኝ ብቻ እየመሰለኝ ሳለ የጠፋብኝ የሰው ወሬና ሳቅ መሆኑን ያስተዋለችው ታላቅ እህቴ ናት። አንድ ዓርብ ደወለችና «ምን እንደሚሸትሽ ተዪው። አፍሽ ውስጥ አሁንም የሚሰማሽ ነገር ምንድን ነው? እሱን ንገሪኝና እሱን ይዤ እመጣለሁ» አለችኝ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ቆም ብዬ አሰብኩና ቀዝቃዛው፣ ሲነከስ ቀጭ የሚለው፣ ኮምጣጣው፣ የሚያቃጥለው አልኳት።

በማግስቱ ውኃ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ያወጣቻቸው ነገሮች እነዚህ ነበሩ፦ በበረዶ ውኃ ውስጥ የቆየ ትንንሽና ጠንካራ ኪያር፤ ሎሚ የተጨመቀበት ስስ የፖም ቁራጭ፤ ናና የተከተፈበት ወፍራም እርጎ፤ የተቆላ ለውዝ፤ ዝንጅብል የተፈቀፈቀበት ካሮት፤ ጋዝ ያለው ቀዝቃዛ ውኃ። የመጀመሪያውን ኪያር ስነክስ ጥርሴ ሥር «ቀጭ» ብሎ ተሰበረ፣ ቀዝቃዛው ውኃ በጉንጬ ውስጥ ተበተነ፣ በላዩ የነሰነሰችው ደቃቅ ጨው ቀስ ብሎ ሟሟ፤ ካሮቱን ሳስከትልም የዝንጅብሉ ሙቀት ከኋላው መጣ። የኪያር ሽታ አልነበረውም፤ ግን ደግሜ አነሳሁ። ከታመምኩ ጀምሮ ተገድጄ ሳይሆን አምሮኝ ሁለተኛ የጎረስኩት ያኔ ነው። ለእኔ ነገሩ የተለወጠው እዚያ ነው።

በኋላ ስረዳው ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቃሪያን ማቃጠል፣ የናናን ቅዝቃዜ፣ የዝንጅብልን ሙቀት፣ የጋዝ ውኃን መንዘር የሚያደርሰው ከማሽተት ነርቭ የተለየው፣ ፊትንና አፍን የሚያዳርሰው ነርቭ ነው፤ ይህም ሽታ ያጣ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሙቀትን፣ ቅዝቃዜንና ንክኪን የሚሰሙ ተቀባዮችን በማግኘታቸው ነው፤ ለሙቀቱና ለቅዝቃዜው የተጠቀሙት ከቃሪያ የሚገኘውን ካፕሳይሲንና ከናና የሚገኘውን ሜንቶል ነበር። ስለዚህ ማሽተት የማይችል ሰው ሳህን ሲዘጋጅ የመዓዛውን ቦታ ሌላ ነገር እንዲይዘው ማድረግ ይቻላል። በአንድ ሳህን ላይ ትኩስና ቀዝቃዛ፣ ለስላሳና የሚንኮሻኮሽ አብረው ይኑሩ፤ አንድ ኮምጣጣ ነገርና አንድ የሚነዝር ወይም የሚያቃጥል ነገር ይጨመር። ትኩስ የምስር ሾርባ ላይ አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ እርጎና የተጠበሰ የዳቦ ፍርፋሪ ብታደርጉበት፣ ወይም ሩዝ ላይ የተቆላ ለውዝና በሎሚ የታሸ ጥሬ ጎመን ብትጨምሩ ልዩነቱን በመጀመሪያው ጉርሻ ታውቁታላችሁ። የተፈጨና አንድ ወጥ የሆነ ምግብ ግን፣ በመዓዛው ካልሆነ በቀር የሚለየው ነገር ስለሌለ፣ ለጊዜው አሰልቺ ይሆናል። ቀለምም ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ ያለበት ሳህን ገና ሳይቀመስ ፍላጎትን ያነሳሳል።

ነገሩ እየተስተካከለ ነው ብዬ ስረጋጋ ሁለተኛው ችግር መጣ። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ቡና ሲያፈላ የተቃጠለ ጎማና የበሰበሰ ነገር አንድ ላይ የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ለእሱ ግን የተለመደው የቡና መዓዛ ነበር። ከዚያም ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቸኮላት፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ሁሉም ያንኑ ሽታ ያዙ። ይህ ፓሮስሚያ ይባላል፤ ከቫይረስ ሕመም በኋላ ሽታ ባጡ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ይጀምራል። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሜ የማሽተት ነርቮች ራሳቸውን መልሰው የሚያድሱ መሆናቸውን፣ በማደግ ላይ ሳሉ መልእክቱን አዛብተው ሊያደርሱ እንደሚችሉ፣ ይህም ብዙ ጊዜ የማገገም ምልክት ተደርጎ እንደሚታይ ሲነግሩኝ እንባዬ መጣ። ምልክቱ ጥሩ ነው ቢባልም ግን ሰው በልቶ ማደር አለበት፤ ብዙ ሰዎች ክብደት የሚቀንሱትና ተስፋ የሚቆርጡት በዚህ ጊዜ ነው።

እቤት ውስጥ የጠቀመን ዋናው ነገር ማጥበስንና ማቁላላትን ለጊዜው መተው ነበር። ሥጋም ሽንኩርትም ቡናም ሲጠበሱ ወይም ሲቆሉ የሚፈጠሩት ውሕዶች አፍንጫ ላይ ኃይለኛ ስለሆኑ ፓሮስሚያን በብዛት የሚቀሰቅሱት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በእንፋሎት ወይም በውኃ ቀቅለን፣ ክዳኑን ገጥመን፣ መስኮቱን ከፍተን እናበስል ነበር። ሌላው ሙቀቱ ነው፤ ምግብ ሲቀዘቅዝ የሚተነው ስለሚቀንስ ትኩሱን መቅረብ ያልቻልኩትን ዶሮ በማግስቱ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ በሰላጣ እበላው ነበር። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ቅቅል ድንች፣ አጃ፣ ሙዝ፣ እርጎና ለስላሳ አይብ አላስቸገሩኝም፤ ግን የእያንዳንዱ ሰው ዝርዝር ይለያያልና የእናንተን ራሳችሁ ጻፉት፣ ማቀዝቀዣው በር ላይም ለጥፉት፣ የሚያበስልላችሁ ሰው እንዳይቸገር። ፕሮቲን እንዳይጎድላችሁ ተጠንቀቁ፤ ሥጋና እንቁላል ሲከለከሉ ባቄላ፣ ምስር፣ እርጎና ለውዝ ቦታውን ይሸፍናሉ። በጣም በሚከብዱ ቀናት ዋናተኞች የሚያደርጉትን የአፍንጫ መቆንጠጫ አድርጌ በልቼ አውቃለሁ። መልኩ አያምርም፤ ምሳዬን ግን ጨርሻለሁ።

ለቤተሰቡ በሙሉ አንድ ዓይነት ምግብ ለመሥራት አትጨነቁ፣ ሁለት ምግብም አትሥሩ። እኛ ያገኘነው መፍትሔ መሠረቱን አንድ አድርጎ መጨረሻውን መለየት ነው። ሩዙና አትክልቱ ለሁሉም ይቀቀላል፤ የእኔ ድርሻ ከወጣ በኋላ የተቀረው ላይ ነጭ ሽንኩርቱና የተጠበሰው ሥጋ ይገባል። ልጆች የሚወዱትን አላጡም፣ እኔም ከገበታው አልተነሳሁም። ማጥበስ ካለበት ባለቤቴ እኔ ለእግር ጉዞ ስወጣ ይጠብሳል።

ምግብ ቤት መሄድ የተመለሰው በመጨረሻ ነው፤ ጥቂት ዝግጅት ግን ቀድሞ ሊያመጣው ይችል ነበር። ቦታውን ስትመርጡ ደጅ ላይ ወይም በረንዳ ላይ የሚያስቀምጥ ይሁን፤ የማብሰያው ክፍል ለተመጋቢው ክፍት የሆነበትንና ሥጋ በከሰል የሚጠበስበትን ለጊዜው እለፉት። ሰዉ ሳይበዛና ምድጃው ሳይጋጋል፣ ከምሳ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ሂዱ። የምግብ ዝርዝሩን ከቤት ሳትወጡ አይታችሁ አንድ ለእናንተ የሚሆን ነገር ለይታችሁ ጨርሱ፤ ተርባችሁ፣ ሽታው አናታችሁ ላይ ወጥቶ፣ አስተናጋጁ ቆሞ እየጠበቀ መምረጥ አይቻልም። ቀዝቃዛ ሰላጣ፣ ቅቅል ዓሣ፣ ማባያው ለብቻው በትንሽ ሳህን የሚመጣ ፓስታ ብዙ ጊዜ አያሳፍሩም። ለአስተናጋጁ ረጅም ታሪክ መተረክ አያስፈልግም፤ «ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይስማማኝም፣ ማባያውን ለብቻ አድርጉልኝ» ማለት በቂ ነው። ከቤት ስትወጡ ጥቂት ነገር ቀምሳችሁ ውጡ፤ በባዶ ሆድ መጥፎ ሽታ ማቅለሽለሹን ያባብሰዋል። አብረዋችሁ ለሚሄዱት ደግሞ አስቀድማችሁ፣ ቢቻል በመልእክት፣ «ላልጨርሰው እችላለሁ፣ በመካከል ለአየር ልወጣ እችላለሁ፣ ግን ከእናንተ ጋር መሆን እፈልጋለሁ» በሏቸው። ይህን ካልኳቸው በኋላ አንድም ሰው ሳህኔን አልተመለከተም፤ እኔም ጨዋታውን መስማት ቻልኩ።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን የማሽተት ልምምዱን መያዝ ያስፈልጋል። ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቻቸው በጀርመኗ ድሬስደን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ሽታ ያጡ ሰዎች ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍን ጠዋትና ማታ ለ12 ሳምንታት እያሸተቱ ሲለማመዱ፣ ካልተለማመዱት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ አራት ትንንሽ ክዳን ያላቸው ብልቃጦች ውስጥ ጥጥ ላይ የአራቱን መዓዛ ዘይት ለየብቻ ጥቂት ጠብታ ማድረግ፣ እያንዳንዱን ለ20 ሰከንድ ያህል በቀስታ ማሽተት፣ በዚያ ሰዓትም ያ ነገር ድሮ እንዴት ይሸት እንደነበር በሐሳብ መፈለግ። ለብዙ ሳምንታት ባዶ ጥጥ የማሸት ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያ የተመለሰልኝ ቅርንፉዱ ነው፤ ሽታውን ሳላውቀው በፊት አፍንጫዬ ውስጥ ትንሽ ሞቅ ያለ፣ ቆየት ብሎም የጥርስ ሕክምና ክፍልን የሚያስታውስ ነገር መጣ። ልምምዱ ለሁሉም ሰው ዋስትና አይሰጥም፣ ግን ጉዳት የለውም፤ ስለዚህ ቶሎ ጀምሩ፣ ከ12 ሳምንታት በኋላም አታቋርጡ። የተሰማችሁን በየሳምንቱ በአንድ መስመር ጻፉት፤ ለውጡ ዝግ ያለ ስለሆነ ካልተጻፈ አይታወቅም። ሰው የሚነግራችሁን ሁሉ ግን አፍንጫችሁ ውስጥ አታድርጉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ዚንክ ያለባቸው አንዳንድ የአፍንጫ ጉንፋን መድኃኒቶች ሽታን ሊያጠፉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

ሁሉም የሽታ መጥፋት ከቫይረስ አይመጣም፤ ስለዚህ ሐኪም ሳታዩ አትቆዩ። የቆየ የሳይነስ ብግነትና በአፍንጫ ውስጥ የሚያድጉ ፖሊፖች የሚባሉ የሥጋ እባጮች፣ የራስ ቅል ጉዳት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ አልፎ አልፎም እንደ ፓርኪንሰን ያሉ የነርቭ ሕመሞች ሽታን ያጠፋሉ፤ ከእነዚህም በሕክምና የሚድኑ አሉ። ያለ ጉንፋን በድንገት ከጠፋ፣ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ የአፍንጫ መድማት ወይም ብርቱ ራስ ምታት ካለው፣ ወይም ከመውደቅ በኋላ ከመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ። ልባችሁ ከከበደ፣ ከሰው መራቅና ማልቀስ ከበዛ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሽታ ባጡ ሰዎች ላይ የመንፈስ ጭንቀት የተለመደ ነው፣ «ለአፍንጫ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው?» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

አሁን አብዛኛው ሽታ ተመልሶልኛል። የተውኩትን ምግብ መልሼ የምሞክርበት ሥርዓት አለኝ፣ እሱንም ላካፍላችሁ። አንድ ምግብ መጥፎ ስለሸተተ ለዘለዓለም አይሰረዝም፤ በየጥቂት ሳምንቱ አንድ ጉርሻ ይሞከራል። የሚሞከረው ግን እቤት ነው፤ ሰው ቤት ወይም ምግብ ቤት ፊታችሁን አጨፍግጋችሁ ባለቤቱን እንዳታሳዝኑ። በመጀመሪያ ቀዝቅዞ፣ ቀጥሎ ለብ ብሎ፣ በመጨረሻ ትኩሱን፤ አጠገቡም አፍ የሚያጥብ ሎሚና ቀዝቃዛ ውኃ ይኑር። ጥቂት ሽንኩርት በመረቅ ውስጥ ተቀቅሎ የተመለሰልኝ ከተጠበሰው ብዙ ቀድሞ ነው። ቡናውን በረዶ ካለበት ብርጭቆ ጀምሬ ነው ወደ ትኩሱ የደረስኩት፤ ድሮ የማውቀው ባይሆንም እሁድ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር አንድ ሲኒ እጠጣለሁ። እንቁላል ገና አልሆነልኝም፤ በሚቀጥለው ወር ቀቅዬ፣ አቀዝቅዤ፣ በሰናፍጭ እሞክረዋለሁ።